ሐዘኗን አትቀማት

ወዳጆቼ፣ ትንሽ ጸጥ በሉልኝ። ሲስተር፣ አንቺም ሳህን መሰብሰቡን ተዪና ቁጭ በዪ፤ ዛሬ ተረኛ አይደለሽም።

ዛሬ ከሥራ የምንሸኛት ይህቺ አዋላጅ ወደ ማዋለጃ ክፍላችን የመጣች ዕለት እኔ ጀማሪ ሐኪም ነበርኩ። ያጠብኩት ጋውን ስላልደረቀልኝ በሸሚዝ ብቻ ቆሜ የአንዲት ወላድ ካርድ አነባለሁ። ከኋላዬ አንድ ድምፅ፣ "አባት ውጭ ነው የሚጠብቀው!" አለ። "እኔ እኮ..." ስል፣ "አውቃለሁ፣ ጨንቆሃል። ሁሉንም አባት ይጨንቀዋል። ውጣ!" ወጣሁ። ምን ላድርግ? ሩብ ሰዓት ሙሉ አግዳሚው ላይ ከባሎች ጋር ተቀመጥኩ። አንዱማ "የመጀመሪያህ ነው?" ብሎ አጽናናኝ።

ይኸው ሃያ ስምንት ዓመት ስታዢን ኖርሽ። መቀስሽን ማንም እንዳይወስድብሽ በፋሻ ከጠረጴዛው እግር ጋር ታስሪዋለሽ። የተረኛ ፕሮግራም በእርሳስ ትጽፊና፣ ፈቃድ የሚጠይቅሽን ሁሉ "መጀመሪያ ላጲስ ይዘህ ና" ትይዋለሽ። ዳይሬክተራችንን "ልጄ" ነው የምትይው፤ ሰውየው በአምስት ዓመት ይበልጥሻል!

እኔና አንቺ ግን አንድ ነገር ላይ ተስማምተን አናውቅም። ይህን የማያውቅ እዚህ የለም። አንቺ፣ "የተጀመረ ሕይወት ሕይወት ነው፤ ጽንስ ማቋረጥ ላይ እጄን አላስገባም" ትያለሽ። እኔ ደግሞ፣ "ገና ሰው ሊሆን የሚችለው፣ በሕይወት ካለችው እናት አይበልጥም" እላለሁ። ስንከራከር የሰማ የሻይ ቤቱ አስተናጋጅ የተጣላን መስሎት ሻያችንን ሁለት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦልን ያውቃል።

ዛሬ መናገር የፈለግኩት ስለ አንዲት ልብስ ሰፊ ነው። እሷንም አስፈቅጃለሁ።

የሁለት ልጆች እናት ናት፤ የልብ ሕመም ነበረባት። ሦስተኛውን ስታረግዝ የልብ ሐኪሟ፣ "ይህን እርግዝና ልብሽ አይችለውም" አላት። አሥረኛ ሳምንቷ ላይ ከአማቷ ጋር ወደኛ መጣች። ስታለቅስ አየሁና፣ ደግ የሠራሁ መስሎኝ፣ "አይዞሽ፣ ገና ምንም አይደለም እኮ" አልኳት። ይባስ ብላ አነባች።

አንቺ ክንዴን ይዘሽ አንሶላ ማስቀመጫው ክፍል አስገባሽኝ።

"ምንም ካልሆነ ምን ያስለቅሳታል?"

"ላጽናናት ብዬ ነው።"

"በልቧ ስም አውጥታለታለች። ትወስን፣ የራሷ ነው። ሐዘኗን ግን አትቀማት።"



ስንመለስ አማቷ፣ "ነፍስ ነው፣ ልጄ፤ ፈጣሪ ያውቅልሻል፣ ተይው" ይሏታል። ከእሳቸው ጋር ታብሪያለሽ ብዬ ነበር፤ እምነትሽ ነዋ! አንቺ ግን ፊታቸው ቁጢጥ ብለሽ፣ "እማማ፣ ልክ ነዎት። እኔም ነፍስ ነው እላለሁ። ይቺስ? ቤት የሚጠብቋት ሁለቱስ?" አልሻቸው። አሮጊቷ መሐረባቸውን አውጥተው የምራታቸውን ፊት ጠረጉላት።

ልብስ ሰፊዋም፣ "ሲስተር፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?" ብላ ጠየቀችሽ።

"እኔማ እፈራ ነበር። ከፍርሃቱ ወዲያ ያለውን ሆኜ ስላላየሁት አላውቀውም። ሂጂና ከባልሽ ጋር ተነጋገሪ። የወሰንሽውን ወስነሽ ስትመጪ እዚሁ ታገኚኛለሽ" አልሻት።

በሦስተኛው ቀን ከባሏ ጋር መጣች። ለማቋረጥ ወስናለች። አንቺም አንድም ቀን ረግጠሽው የማታውቂውን ክፍል ከፍተሽ ገባሽ። "መሣሪያ አላቀብልህም፤ እጇን ግን እይዛለሁ" አልሽኝ። እስክጨርስ አለቀቅሻትም። ስንወጣ ጉንጭሽ በእንባ ርሷል።

"ሐሳብሽን ለወጥሽ ማለት ነው?" አልኩሽ።

"አልለወጥኩም። የማለቅሰው ለዚያ ላልተወለደው ነው። እሷ ብቻዋን እንድታለቅስለት አልፈልግም።"

ልብስ ሰፊዋ በዓመቱ የልብ ቀዶ ሕክምና ተደረገላትና ዳነች። ትልቋ ልጇ ዘንድሮ ኮሌጅ ገብታለች። ይህን የምናገረው ረታሁ ለማለት አይደለም። ባለፈው ሳምንት ሴትየዋ ራሷ፣ "በመኖሬ አልጸጸትም። ያንንም አልረሳውም" አለችኝ። ሁለቱም እውነት ነው። እኔ ያኔ አንዱን ብቻ ነበር የማውቀው።

ሲስተር፣ ዛሬም አልተስማማንም፤ የምንስማማም አይመስለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ለአንዲትም ሴት "ምንም አይደለም" ብዬ አላውቅም። አጠገቧ እቀመጣለሁ፣ እጠይቃታለሁ፣ እስክትጨርስ እሰማታለሁ። ይህን ያስተማረኝ ፕሮፌሰር የለም፤ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ከልቤ አመሰግንሻለሁ።

በሉ፣ ብርጭቆ አንሱ! ሲስተር፣ ማንም ሳይጠራሽ እስኪበቃሽ ተኚ። ክርክር ሲያምርሽ ደውዪ፤ እንደማልሸነፍልሽ ከአሁኑ እወቂው። ዕድሜሽ ይርዘም፣ ጉልበትሽ ይጽና። ያዋለድሻቸው ያክብሩሽ፣ አብረሻቸው ያለቀስሽ እናቶች ደጅሽን ያንኳኩ። ለሲስተር!