ስለ ጀልባው ጌም እና በአሮጌው ሲስተም ላይ ስለጠፋው ፎልደር የተሰጠ ቃል

ቃል ሰጪ፦ በሥራ ባልደረቦቿ ዘንድ «ፈታኟ» ተብላ የምትጠራ (ሙሉ ስሟ በመዝገቡ ሽፋን ላይ ተይዟል)
ዕድሜ፦ 34
ሥራ፦ ቀድሞ የኮምፒውተር ጌም ፈታኝ፣ አሁን ሥራ የላትም
አድራሻ፦ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በር ቁጥር 11
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ ሰኔ 12 ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡40 ሰዓት

ወደዚህ ፖሊስ ጣቢያ የመጣሁት ማንም ጎትቶኝ ሳይሆን፣ የግል ተበዳዩ «ላፕቶፔን ሆን ብላ አበላሸችብኝ» ብሎ መክሰሱን ስሰማ በራሴ እግር ነው። የግል ተበዳይ የተባለው የታላቅ እህቴ ባል ሲሆን፣ እስከ ግንቦት 13 ቀን ድረስ የሥራ አለቃዬም ነበር። ቤት ውስጥ ጋሼ እለው ነበር። የሚመራው መሥሪያ ቤት ከአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ የኮምፒውተር ጌም ማምረቻ ነው። እኔ እዚያ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ጌሙ በየትኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ እንደሚሠራና በየትኛው ላይ እንደሚያስቸግር መፈተሽ ነበር። መስኮቱ ሥር ባለው ረጅም ጠረጴዛዬ ላይ ዘጠኝ ኮምፒውተሮች ነበሩ። አምስቱ አዲሱ ሲስተም የተጫነባቸው ሲሆኑ፣ አራቱ ብዙ ሰው እስካሁን የሚጠቀምበት አሮጌው ሲስተም የተጫነባቸው ናቸው።

በቅርቡ ሊወጣ የታሰበው ጌም አንድ ጀልባ ቀዛፊ በጎርፍ ከተጥለቀለቀች ከተማ ሰዎችን የሚያወጣበት ነው። ጥሩ ጌም ነው፤ ይህንን አልክድም። ማክሰኞ ግንቦት 5 ቀን ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት ገደማ በአሮጌው ሲስተም ላይ ስከፍተው ኮምፒውተሩ ላይ የነበሩትን ፋይሎች ሲያጠፋ አየሁ። ጌሙ ተጫዋቹ የደረሰበትን ቦታ የሚያስቀምጥበት የራሱ ፎልደር ያስፈልገዋል። በአዲሱ ሲስተም ላይ ፎልደሩን ራሱ ይፈጥራል። በአሮጌው ላይ ግን መፍጠር ሲያቅተው የኮምፒውተሩን ባለቤት የሰነዶች ፎልደር የራሱ አድርጎ ይወስድና፣ ውስጡን ጠርጎ የራሱን ፋይል በላዩ ይጽፍበታል። ዓይኔን ማመን ስላቃተኝ በአራቱም ኮምፒውተሮች ላይ ደገምኩት። በአራቱም ጠረገ።

ሁለት ገጽ ሪፖርት ጽፌ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በእጁ ሰጠሁት። የመጀመሪያውን መስመር እንኳ አንብቦ የጨረሰ አይመስለኝም። «ከገዢዎቻችን ግማሾቹ አሮጌውን የሚጠቀሙ ናቸው፤ ይሄ ወሬ ከወጣ አለቀልን። ደግሞ አንቺ ነገር ማካበድ ትወጃለሽ» አለኝና ሪፖርቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ የሻይ ብርጭቆውን ጫነበት። አርብ ግንቦት 8 ቀን የሙከራ ቅጂው በፈቃደኝነት ለተመዘገቡ ሦስት መቶ ሰዎች ተላከ። አብሮት በተላከው ዝርዝር ላይ ከአሮጌው ሲስተም ትይዩ «ተፈትኖ አልፏል» ተብሎ ከሥሩ የእኔ ስም ተጽፎ ነበር። እኔ አልጻፍኩም፤ እንዲጻፍም አልፈቀድኩም።

ሰኞ ግንቦት 11 ቀን ጠዋት የቢሮው ስልክ ሲጮኽ ያነሳሁት እኔ ነኝ። የደወሉት ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ ነበሩ። ለልጆቻቸው የሕይወት ታሪካቸውን በሁለት ጣት እየጻፉ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ደርሰው እንደነበር ነገሩኝ። አልጮኹብኝም፤ አልተሳደቡም። «ልጄ፣ ጌማችሁ ጽሑፌን የት ነው ያስቀመጠብኝ? ቦታውን ብትነግሪኝ እኔው ፈልጌ አወጣዋለሁ» አሉኝ። ተደብቆ ሳይሆን ጠፍቶ እንደሆነ ለማስረዳት ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። በመጨረሻ «እሺ፣ ካገኘሽው ደውይልኝ» ብለው ስልክ ቁጥራቸውን በዝግታ አስጻፉኝ።

ረቡዕ ግንቦት 13 ቀን አለቃዬ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ ዝርዝሩን ከፍ አድርጎ አሳየና «ይሄ የማን ስም ነው?» አለ። ሪፖርቴን ስጠቅስ ምንም ሪፖርት እንዳልደረሰው ተናገረ። የስንብት ደብዳቤዬ ላይ «በከባድ ቸልተኝነት» የሚል ተጽፏል። ዕቃዬን ይዤ ስወጣ ቀና ብሎ ያየኝ ሰው አልነበረም። በዚያው ቀን ለእህቴ ደውዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። እህቴን እታለም እላታለሁ፤ እናታችን ካረፈች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። «እሱ አይዋሽም፤ አንቺ ረስተሽው ይሆናል። ለእኔ ስትይ ይቅር በይውና ይለፍ» አለችኝ። ከሥራ መባረሬ አቃጥሎኛል፤ ይህ ግን አንጀቴን ቆረጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህ ሰው ራሱ ባመጣው ነገር፣ በሰው ፊት፣ ሲዋረድ ማየት።

ረቡዕ ሰኔ 4 ቀን በመሥሪያ ቤቱ «ዝምተኛው» የምንለው ፕሮግራመር ደወለልኝ። ችግሩ እንዳልተስተካከለ፣ አለቃችን «ከመቶ አንዱን ቢያጋጥመው ነው» ብሎ ያዘዘው ጌሙ ፋይል ሊያጠፋ ሲል እንዲወጣ በኋላ የገባውን ማስጠንቀቂያ ማንሳት ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። «ሰው ያስደነግጣል፣ አንሳው አለኝ፤ አነሳሁት» አለኝ። አለቃችን ቅዳሜ ሰኔ 7 ቀን ጌሙ ለሕዝብ በሚታይበት አዳራሽ እንደሚገኝ፣ የራሱን ላፕቶፕ እንደሚይዝም አጫወተኝ። ያ ላፕቶፕ አሮጌው ሲስተም ያለበት መሆኑን ከዚያ በፊት አውቅ ነበር።

ቅዳሜ ከቀኑ 8፡00 ሰዓት እንደማንኛውም ተመልካች ትኬት ቆርጬ ገባሁና አምስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ወደ መቶ ሃምሳ ሰው ነበር። እህቴ ፊተኛው ረድፍ ላይ ነበረች፤ አላየችኝም። ባሏ ጌሙን በመድረኩ ላይ በነበረው አዲስ ኮምፒውተር አሳየ፤ ጭብጨባው ሞቅ ያለ ነበር። ጥያቄ ሲጋበዝ እጄን አወጣሁ። ማይክሮፎኑን የሚያዞረው ሠራተኛ አያውቀኝም ነበርና ሰጠኝ። «በአሮጌው ሲስተም ላይ ይሠራል?» አልኩ። ሲያየኝ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ወዲያው ግን ፈገግ ብሎ «እንደ ውኃ ይፈሳል» አለ። እኔም «እንግዲያው ጎንዎ ያለው ላፕቶፕ አሮጌው ነውና በእሱ ያሳዩን። የሰነዶች ፎልደርዎንም ጎን ለጎን ይክፈቱልን፤ ፋይል ያጠፋል እየተባለ ይወራልና» አልኩት። ጋሼ እለው የነበረውን ሰው እርስዎ ማለቴን እሱም ልብ ብሏል። ሰው አጨበጨበ። ከኋላ አንዱ «አሳየን!» ብሎ ጮኸ።

እምቢ ማለት ይችል ነበር። መርማሪው ይህንን እንዲመዘግቡልኝ እጠይቃለሁ። ላፕቶፑን አልነካሁም፤ ወደ መድረኩም አልቀረብኩም። የሙከራ ቅጂውን የከፈተው በገዛ ጣቱ ነው። ሪፖርቴን ቢያነብ ኖሮ በአሮጌው ሲስተም ላይ ሁልጊዜ እንደሚጠርግ ያውቅ ነበርና አይከፍተውም ነበር።

ጌሙ ሲነሳ ከላፕቶፑ ጋር በተያያዘው ፕሮጀክተር በግድግዳው ላይ በግራ በኩል ጀልባው፣ በቀኝ በኩል ፎልደሩ ይታይ ነበር። በፎልደሩ ውስጥ ያሉት ፋይሎች ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ መጥፋት ጀመሩ። መጀመሪያ ሰው ሳቀ፤ የጌሙ አካል መስሎት ነው። እኔ ልቤ ቅቤ ጠጣ። የሚያደርገው ጠፍቶት ቁልፎቹን ሲደበድብ፣ ላብ በግንባሩ ሲወርድ፣ ሁሉንም አየሁ፤ አንድም አላመለጠኝም። ዝምተኛው ሮጦ የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቀለ፤ ላፕቶፑ ግን በባትሪው ቀጠለ። በዚህ ጊዜ እህቴ ከመቀመጫዋ ተነስታ «አጥፉት! ሥራዬ እዚያ ውስጥ ነው!» ብላ ጮኸች። እህቴ መስማት የተሳናቸው ልጆች መምህር ናት። የድሮ የምልክት ቋንቋ ቃላትን ከሽማግሌዎች በቪዲዮ እየቀዳች ለስድስት ዓመት ስትሰበስብ ነበር፤ ከተቀዱት ውስጥ ያረፉም አሉ። የመጨረሻዎቹ ሰባት ወራት ሥራዋ ሌላ ቦታ ቅጂ አልነበረውም።

መርማሪው የእህቴ ሥራ በዚያ ላፕቶፕ ላይ መሆኑን አውቅ እንደሆነ ጠይቀውኛል። አውቅ ነበር። የራሷ ኮምፒውተር ከተበላሸ ጀምሮ በባሏ ላፕቶፕ እንደምትሠራ ነግራኛለች። ማይክሮፎኑን ስይዝ አልታሰበኝም ብል እዋሻለሁ። ታስቦኛል። «እሱ አይዋሽም ብለሽ የለ፣ እንግዲህ እዪው» ብዬ በልቤ ተናግሬያለሁ። የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭኖ እንዲይዝ ብጮኽለት ቢያንስ ግማሹ ይተርፍ ነበር። ወደ አርባ ሰከንድ ገደማ ጊዜ ነበረኝ። እጄን አጣጥፌ ቆምኩ።

ከአዳራሹ ስወጣ እህቴ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችብኝ። እያለቀሰች አልነበረም። «ሪፖርቱ ላይ የጻፍሽው ይሄንኑ ነበር?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ቅጂ አለሽ?» ስትለኝ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። እዚያው ቆማ ሁለቱንም ገጽ አነበበች። ከዚያም «ይሄንን ፖሊስ ጣቢያ የማደርሰው እኔ ነኝ። አንቺ ግን ከእንግዲህ እታለም እንዳትይኝ» ብላኝ ሄደች። ሪፖርቱን ሰኞ ዕለት አምጥታ እንዳስረከበች እዚህ ስደርስ ሰምቻለሁ።

ከዚህ በላይ የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ አንዱንም ለራሴ እንዲመቸኝ አላጣመምኩም። መርማሪው በመጨረሻ «በግል ተበዳዩ ላይ በደረሰው ጉዳት ማዘኗን ገልጻለች» ብለው ጽፈው ስለነበር፣ እንዲሰረዝ ጠይቄ ተሰርዟል። በምትኩ «በእህቷ ላይ በደረሰው» ተብሎ ተጽፏል። በስረዛው አጠገብ ፈርሜያለሁ።

የቃል ሰጪዋ ፊርማ፦ ተፈርሟል
የቃል ተቀባዩ መርማሪ ፊርማ፦ ተፈርሟል
የተጠናቀቀበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 5፡25