በወይራ የታጠነ እርጎ

ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ አንዲት ልጅ የእርጎ ዕቃ ታቅፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ ያሉት እንደኔው ያረጁ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ ዕቃውን በወይራ አጥነሽዋል?»

«አዎ ኦቦ። ሽታው አስቸገረዎት?»

«ኧረ እናቴን አመጣብኝ እንጂ!»

«የማስረክብበት ካፌ ባለቤት ግን ጭስ ጭስ ይላል፣ ዛሬም አጥነሽ ካመጣሽ አልቀበልሽም ብሎኛል።»

«ታዲያ ለምን አጠንሽው?»

«ሳላጥን ሞክሬው ነበር፤ የቤታችን እርጎ አልመስል አለኝ።»

«ካልተቀበለሽስ?»

«ሌላ ካፌ እሞክራለሁ። ማለብና ማጠን የእኔ ነው፣ ገበያው የዋቃ።»

«እንግዲያው አብሬሽ ወርጄ፣ እሱ ፊት አንድ ብርጭቆ እጠጣለሁ።»

«ኧረ ይተዉ፣ ይስቅብናል!»

«ይሳቅ። እርጎ እንደሆነ ጥርስ አይጠይቀኝ!»

ካፌው ጋ ሲወርዱ፣ የእኔ መውረጃ ገና ቢሆንም፣ ሁለተኛውን ብርጭቆ ልጠጣ ተከትያቸው ወረድኩ።