በአቶ ክንዱ እግር ላይ የፈሰሰው ዘይት

የምስክር ስም፦ ሸሪፋ ሙሀመድየሱፍ
ዕድሜ፦ 38
አድራሻ፦ ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ
ሥራ፦ የምግብ ቤት ባለቤት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም.

እኔ ከላይ ስሜ የተጠቀሰው ምስክር፣ የጣልያን፣ የሕንድና የቻይና ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት የሐይቅ ዳር መንገድ ላይ የአረብ ምግብ ቤት አለኝ። አብዛኞቹ ደንበኞቻችን በከተማው የሚሠሩ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። ተጎጂው አቶ ክንዱ ኃይለ ገብርኤል ከፊት ለፊቴ ያለው የጣልያን ምግብ ቤት ባለቤት ናቸው። ሰላምታ የለንም። እንግዶቼን ደጄ ላይ ጠብቀው "እዚያ ያለው ያደረ ዓሣ ነው" እያሉ ወደራሳቸው ይወስዳሉ። ይህን የምናገረው ወዳጃቸው አለመሆኔ እንዲታወቅልኝ ነው።

ትናንት በምሳ ሰዓት በረንዳዬ ላይ ዓሣ ስጠብስ አቶ ክንዱ መንገዱን ተሻግረው መጡ። ጭሱ እንግዶቻቸውን ማስቸገሩን ገልጸው ምድጃውን ወደ ጓሮ እንዳስገባ ጠየቁኝ። የሐይቁን ነፋስ የማዘው እኔ እንዳልሆንሁ ነገርኋቸው። እሳቸውም "እናንተ ከክርፋቱ ጋር ተወልዳችኋል፤ እንግዳ ግን አይችለውም" አሉ።

ዓሣ ያመጣልኝ ታናሽ ወንድሜ ሙኒር ይህን ሰማ። "ምን አልህ?" ብሎ ሲጠጋቸው እጁን ያዝሁት። አቶ ክንዱ ሊሄዱ ፊታቸውን አዞሩ። በዚህ ጊዜ ሙኒር ምድጃውን በእግሩ ገፋው፤ የፈላው ዘይትም በአቶ ክንዱ ግራ እግር ላይ ፈሰሰ፤ እሳቸውም ወደቁ። ውኃ አፈሰስሁባቸው። ካልሲያቸውን ስስብ ቆዳው አብሮ ሲነሣ አይቼ ተውሁት። በባጃጅ ወደ ሐኪም ቤት ተወሰዱ።

ዛሬ ጧት ሙኒር ከእናታችን ከወይዘሮ ኡሙሰልማ ጋር ቤቴ መጣ። "ራሱ ተደናቅፎ ነው በይ። ለዚያ ሰውዬ ብለሽ እኔን ታሳስሪኛለሽ?" አለኝ። ለሳቸው ብዬ እንዳልሆነ፣ ያላየሁትን ግን አየሁ እንደማልል ነገርሁት። እናቴ "ሌላ ወንድም የለሽም" ብለው ያመጡልኝን ዳቦ መልሰው ይዘው ወጡ።

ምናልባት በስሕተት ነክቶት ይሆን ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ ሙኒር ምድጃውን እያየ ሆን ብሎ እንደገፋው ተናገርሁ። አቶ ክንዱ ይህን ስለመሰከርሁ ሽማግሌ ቢልኩብኝም አልታረቃቸውም።

ቃሌ ተነብቦልኝ፣ ያላልሁት እንዳልተጨመረ፣ ያልሁትም እንዳልጎደለ ሰምቼ፣ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ሸሪፋ ሙሀመድየሱፍ
ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ሳጅን ጥዑመ ልሳን ኪዳነ ወልድ፣ ፊርማ