ባዶው የግራ ጥግ

(ከሰዓት በኋላ፤ የዩኒቨርሲቲው ጂምናዚየም የኳስ ማስቀመጫ ክፍል። የሐይቆች ምድብና የደጋ ምድብ ሁለተኞች፣ በአገር አቀፉ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ውድድር ለቀረችው አንዲት ቦታ ሊጫወቱ ነው። አሰልጣኝ ትርሲትና የሐይቆች ምድብ ተወካይ አቶ ልሳኑ እየተከራከሩ ነው።)

ልሳኑ፦ እምቢ ማለት ምን ማለት ነው? ለዘላለም ተዉት አላልኩም እኮ። ዛሬ ብቻ!

ትርሲት፦ ጋሼ፣ ልጆቹ ይሄን የሚያደርጉት ለእርስዎ ልጅ ነው። ለሌላ ሰው ቢሆን እኔም በተቆጣኋቸው።

ልሳኑ፦ ልጄ መሆኗን አንቺ ልትነግሪኝ! ረድኤት ከሞተች ወዲህ በየጨዋታው የመጀመሪያዋን ኳስ ይይዙና፣ ወደ እሷ ቦታ ወደ ግራ ጥግ ዞረው፣ ጊዜው አልቆ ዳኛው እስኪነፋባቸው ቀጥ ይላሉ። ከዚያ ኳሱ ለተጋጣሚ ይሰጣል። ባለፈው በአንዲት ቅርጫት ተሸነፍን። ያቺን ኳስ ቢወረውሯት ኖሮ የምድቡ አንደኛ ሆነን በቀጥታ እናልፍ ነበር።

ትርሲት፦ ቢስቷትስ?

ልሳኑ፦ ይሳቷት! ሞክረው ይሳቷት። ደጋዎች የውድድሩ ኮሚቴ ውስጥ ምን እያሉ እንደሚያሙን ታውቂያለሽ? «የሐይቆች ምድብ ለቅሶ ቤት ነው፤ አንድ ቡድን ካሳለፈ ይበቃዋል» ነው የሚሉት። ዛሬ ከተሸነፍን ለኛ ምድብ ሁለተኛ ቦታ የሚባል ነገር ተረት ሆኖ ይቀራል። ያንቺም ልጆች ግማሾቹ ዘንድሮ ይመረቃሉ፤ ሌላ ዕድል የላቸውም።

ትርሲት፦ መች አጣሁት? እንቅልፍ የለኝም እኮ! ግን ችግራችን የመጀመሪያዋ ኳስ ብቻ አይደለችም።

ልሳኑ፦ ደግሞ ምን ተረፈ?

ትርሲት፦ ጥጉ ላይ የምትቆምልኝ ልጅ አጣሁ። ሁሉንም ሞከርኳቸው። አንዷ «ይበርደኛል» ትላለች፣ አንዷ ታለቅሳለች። ጭራሽ በልምምድ ላይ ሰው ወደሌለበት ጥግ ኳስ ያቀብላሉ። ኳሱ ግድግዳ መትቶ ሲመለስ እርስ በርስ ይተያያሉ። ደጋዎችም ነቅተውብናል፤ እዚያ ጋ ጠባቂ አያቆሙም። ክፍት ነው ጋሼ! አንዲት ደፋር ባገኝ እንደልቧ ትወረውር ነበር።

ልሳኑ፦ ታዲያ ፈልጊያ!

ትርሲት፦ አለችኝ። የከለከሉኝ እርስዎ ነዎት።

ልሳኑ፦ ሁለተኛዋን ልጄን፣ ሕሊናን ነው? ትርሲት፣ ይሄን ወሬ እዚሁ ተዪው።

ትርሲት፦ ከእህቷ የማታንስ ወርዋሪ ናት። በየጨዋታው ማሊያ ለብሳ ተቀያሪ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ አስገቢኝ እያለች በዓይኗ ትበላኛለች።

ልሳኑ፦ እዚህ ከተማችን ውስጥ ማሊያ ለብሳ ትቀመጥ ማለቴም ሲበዛ ነው! ካሸነፋችሁ በዚያው መንገድ ነው በአውቶቡስ የምትሄዱት። ረድኤት የተሳፈረችበት መኪና የተገለበጠበትን መታጠፊያ እኔ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማልፈው። ሁለተኛዋንም ላሳፍር? አንዷን ቀብሬያለሁ፤ ይበቃኛል።

ትርሲት፦ ምድቡ ይለፍ ይላሉ፤ ልጅዎ ግን ትቅር።

ልሳኑ፦ አዎ! ምን አለበት? አባት ነኝ!

ትርሲት፦ እሺ፣ አይቆጡ። ግን በሞቴ እውነቱን ይንገሩኝ። ልማዱን ተዉት የሚሉን ለነጥቡ ብቻ ብለው ነው?

ልሳኑ፦ ... እስቲ በሩን ዝጊው።

ትርሲት፦ ይኸው ዘጋሁት።

ልሳኑ፦ ለማንም እንዳትናገሪ። ልጆቹ ኳሷን ይዘው ጸጥ ሲሉ፣ ሕዝቡም ጸጥ ሲል... እሰማታለሁ።

ትርሲት፦ ማንን?

ልሳኑ፦ ረድኤትን ነዋ! «እዚህ ነኝ! እዚህ!» ትላለች። ኳስ ስትፈልግ የምትጮኸው ጩኸት፣ ቁርጥ እሱ! ከዚያ ጥግ በኩል ነው የሚመጣው። ቤቴ ገብቼም አይለቀኝም። ጸበል ሄድኩ፣ ሐኪም ጋ ሄድኩ፣ ወይ ፍንክች! ያቺን ዝምታ ካላስቀራችሁልኝ አብዳለሁ፣ ትርሲት።

ትርሲት፦ ወይኔ ጋሼ! አላበዱም። እኔም እሰማዋለሁ።

ልሳኑ፦ በስመ አብ!

ትርሲት፦ አይደንግጡ። ተቀያሪዎቹ የሚቀመጡት እኮ እዚያው ጥግ አጠገብ ነው። የምትጣራው ሕሊና ናት።

ልሳኑ፦ ሕሊና? ድምፁ የእህቷ ነው እያልኩሽ!

ትርሲት፦ የአንድ እናት ልጆች አይደሉ? እርስዎ ዓይንዎን ከባዶው ጥግ አይነቅሉም፤ ወንበሩን አንድ ቀን ዞር ብለው አላዩትም። መጀመሪያ ስትጮህ አፏን ልይዛት ነበር፤ አላስቻለኝም። ባለፈው ደግሞ «አባዬ የሚሰማኝ ይመስልሻል?» አለችኝ።

ልሳኑ፦ ምን አልሻት?

ትርሲት፦ ምን ልበላት? «ይሰማሻል» አልኳት።

ልሳኑ፦ እግዚኦ! በሕይወት ያለች ልጄ ስትጠራኝ... እኔ ጸበል ለጸበል እዞራለሁ።

ትርሲት፦ ጋሼ፣ ዳኞቹ ወጥተዋል። የሚገቡትን አምስት ልጆች ስም ልሰጣቸው ነው። ምን ላድርግ?

ልሳኑ፦ አስገቢያት። የመጀመሪያዋንም ኳስ ለእሷ ስጧት፤ ትወርውር። ካሸነፋችሁ ደግሞ አውቶቡሱ ላይ አጠገቧ የምቀመጠው እኔ ነኝ።