ጠጠር የሚጥለው በር

እንዲህ ያለ ፍርድ ሰምቼ አላውቅም! ክረምት የፎገራን ሜዳ ውኃ ሲተኛበት የሰፈራችን ከብት ሁሉ በአንድ በረት ያድራል። ሽማግሌው አያ ደምሴ «የማይሳሳት ቆጠራ ላመጣልን ጥጃ እሰጣለሁ» ስላሉ፣ በሩ ላይ እንጨት አንጠለጠልኩ፤ ከላዩም ጠጠር የሞላሁበት ሸምበቆ አሰርኩ። ከብት በደረቱ ገፍቶት ሲያልፍ ከሸምበቆው አንድ ጠጠር ቅል ውስጥ ጠብ ይላል! ጥጃዬን ስጠይቅ ጎረቤቴ ፈንታ ዘሎ ተነሣ።

«ይሄንማ ማንም ያውቀዋል! ጠጠሩም ቅሉም ድሮ የነበረ ነው!»

ደሜ ፈላ። አያ ደምሴ ግን ረጋ ብለው፣ «ፈንታ፣ አምና ጊደርህ መጉደሏን መቼ አወቅህ?» አሉት።

«በሦስተኛው ቀን ነዋ፣ ጅብ ከበላት በኋላ።»

«ታዲያ ማንም የሚያውቀውን ያን ጊዜ ምነው ሳትሠራው ቀረህ?»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ጥጃዬን እየጎተትኩ በበሩ አሳለፍኳት። ጠብ! ከብት ኖሮኝ የማላውቀው እኔ፣ «አንድ!» ብዬ ጮኽኩ።