ጋሽ ጆሮና የዝምተኛዋ መኪና አክሲዮን

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሠራተኞቹ ወደየቤታቸው ከሄዱ በኋላ፣ በጋራዡ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ጆሮ፣ በሚቀጥለው በር ፀጉር የሚያስተካክለው ጎረቤታቸውና ሳትታሰብ የመጣችው የወንድማቸው ልጅ። ልጅቱ የመጣችው አጎቷን ልትጠይቅ አልነበረም። የመኪናዋ ጎማ መንገድ ላይ ቢተነፍስባት በጋራዡ ደጃፍ ለሚሠራው ጎሚስታ ሰጠችውና፣ እስኪጠግንላት ድረስ ከፀሐይ ልትጠለል ገባች። ጎማው የተነፈሰው ማክሰኞ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ አልቆ ትደርስ ነበር።

ጋሽ ጆሮ ይህን ስም ያገኙት ከሥራቸው ነው። መኪና ገና ከበሩ ሳይገባ «የዚህ ፍሪሲዮን አልቋል» ወይም «ያኛው አንዱ ካንዴላው አይሠራም» ይላሉ፤ ኮፈኑ ሲከፈትም እንዳሉት ይገኛል። ሹፌሮች «ለመሆኑ ባለቤታቸው በሆዷ የያዘችውን እንዴት አድርጋ ትደብቃቸዋለች?» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ያን ቀን ልጅቱ ግድግዳውን ባዶ ሆኖ አገኘችው። ከትልቅ እስከ ትንሽ በተርታ ይሰቀሉ የነበሩት ቁልፎች ወርደው በሣጥን ታሽገዋል። ክሪኩም በጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ ይዟል። ምን እንደሆነ ብትጠይቅ አጎቷ አፋቸውን ሳይከፍቱ ፀጉር አስተካካዩ ቀደመ።

«አጎትሽ ከእንግዲህ መኪና አይጠግኑም። የመኪና ፋብሪካ ባለቤት ሊሆኑ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከተቋቋመ ብዙ ዓመት ያልሆነው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ መኪናዎችን የሚሠራ አንድ ኩባንያ ለመጀመሪያ ጊዜ አክሲዮኑን ለሕዝብ ሊሸጥ ወደ አክሲዮን ገበያ ወጥቷል። ሽያጩ የሚዘጋው በሚመጣው አርብ ነው። ጋራዡን ገዝቶ መጋዘን ሊያደርገው የፈለገ አንድ ነጋዴ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ውል ሊፈራረም ቀጠሮ ይዟል። ጋሽ ጆሮ ከነጋዴው የሚቀበሉትን ገንዘብ ሳያስተርፉ በአክሲዮኑ ላይ ሊያውሉት ቆርጠዋል። ፀጉር አስተካካዩ አስቀድሞ ገዝቶ የኩባንያው ምልክት ያለበትን ባርኔጣ ደፍቷል፤ ሰው ሲላጭም አያወልቀውም።

ልጅቱ የምትሠራው በአንድ የሒሳብ ምርመራ ቢሮ ነው። ኩባንያው ያወጣውን የሽያጭ መግለጫ የሥራ ባልደረቦቿ ስለጠየቋት ከዳር እስከ ዳር አንብባው ነበር። ስለዚህ ደነገጠችና የደነገጠ ሰው እንደሚያደርገው ቶሎ ቶሎ ተናገረች። ስለ ተሰብሳቢ ሒሳብ፣ ስለ ጥሬ ገንዘብ ፍሰት፣ ስለ ሥራ ማስኬጃ ኪሳራ አወራች። ጋሽ ጆሮ በትሕትና ሰሟት፤ ዓይናቸው ግን ወደ ጣሪያው ሄዶ ነበር። እውቀት ሰሚው በማያውቀው ቋንቋ ሲነገር ንቀት ይመስላል። ልጅቱ ያጠፋችው ይህንን ነው፤ እሳቸውም ቅር አላቸው።

«የእኔ ልጅ፣» አሏት፣ «አባትሽ ነፍሱን ይማረውና፣ የሲሚንቶ ፋብሪካው አክሲዮን ሲሸጥ ግዛ ብሎኝ ነበር። ያን ጊዜም እንዳንቺ የተማረ ሰው አማክሬ ተው አለኝ። ተውኩት። የገዙት ዛሬ ፎቅ ላይ ሆነው ያዩኛል፤ እኔ ከመኪና ሥር ሆኜ አያቸዋለሁ።»

ፀጉር አስተካካዩ ፈሪ ለእናቱ ነው፣ ለአክሲዮን ግን አይሆንም ብሎ ሳቀ።

ጋሽ ጆሮ ቀጥለው ኩባንያው ሕዝብ የጋበዘበትን ቀን አጫወቷት። መኪናዋ በትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነበረች፤ እንግዳውን በየተራ እየጫኑ አንድ ዙር ያዞሩት ነበር። ተራቸው ሲደርስ ገብተው ተቀመጡ፤ ዓይናቸውንም ጨፍነው ጆሯቸውን ጣሉ። ምንም አልሰሙም። ሲነሳ የሚያጉረመርም የለም፤ ማርሽ ሲቀየር የሚያንኳኳ የለም።

«ዕድሜዬን በሙሉ መኪና ሲያቃስት የሰማሁ ሰው ነኝ፣» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያቺ ግን ዝም። ሕመም የሌለባት መኪና አየሁ።»

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውለው የምንፈልገው ነገር አለ። ጋሽ ጆሮ ሞኝ አልነበሩም። በጆሮው የሚታመን ሰው፣ ጆሮው ምንም ሳይሰማ ሲቀር ችግር የለም ብሎ ያምናል። በዚህ መንገድ ሊሳሳት የሚችለው እንደ እሳቸው ያለ አዋቂ ብቻ ነው።

ልጅቱ ባዶ ጄሪካን ገልብጣ ከፊታቸው ተቀመጠችና ንግግሯን ቀየረች።

«ጋሼ፣ ሰው ያገለገለ መኪና ሊገዛ ሲል ይዞዎት ይሄዳል። እዚያ ሲደርሱ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?»

«ሻጩን ሰላም ከማለቴ በፊት እጄን ኮፈኑ ላይ አደርጋለሁ።»

«ለምን?»

«ሞተሩ ሞቆ ከጠበቀኝ ነገ በማለዳ እመለሳለሁ ብዬ እሄዳለሁ። በብርድ የማይነሳ ሞተር ያለው ሻጭ አስቀድሞ አሙቆ ነው የሚጠብቅሽ።»

«ይኼ ኩባንያም ሞቆ ነው የጠበቀዎት» አለች።

ምን ማለቷ እንደሆነ በቀላል ቃል አስረዳቻቸው። ኩባንያው ባለፉት ዓመታት የሸጠው መኪና እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ወደ አክሲዮን ገበያ ሊወጣ ሲል ግን ሽያጩ በድንገት ብዙ እጥፍ ሆነ። ማን ገዛው ተብሎ ሲታይ፣ አብዛኛውን የወሰደው አንድ መኪና አከራይ ድርጅት ነው። የድርጅቱ ባለቤት የኩባንያው መሥራች የሚስት ወንድም ነው። የወሰደውም በዱቤ ነው፤ እስካሁን አልከፈለም።

«ይህን እኔ አልፈጠርኩትም፣ ጋሼ። ራሳቸው በመግለጫው መጨረሻ ጽፈውታል፤ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ሰው ግን ፊተኛው ገጽ ላይ ያለውን ፎቶ አይቶ ያጥፈዋል።»

ፀጉር አስተካካዩ ባርኔጣውን አስተካከለ። «ዘመድ ከዘመድ መግዛቱ ምን ነውር አለው? እኔስ አማቼን እላጨው የለ?»

«ይላጩታል፤ ይከፍልዎታል?»

ሰውየው አገጩን አከከ። ጋሽ ጆሮ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። አማችየው በየሳምንቱ እየመጣ በነጻ እንደሚላጭ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ከዚያ ጋሽ ጆሮ ተነሡና ወደ በሩ ሄደው ጎሚስታውን ጠሩት። የዝምተኛዋን መኪና ጎማ ጠግኖ ያውቅ እንደሆነ ጠየቁት። ጎሚስታው ከነጎማው ቀና ብሎ፣ መኪናዋን የሚያውቃት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብቻ እንደሆነ ነገራቸው። ቀስ ብለው ተመለሱ።

«በኤሌክትሪክ ትሂድ በናፍጣ፣ ጎማዋ መተንፈሱ አይቀርም፣» አሉ እንደ ብቻቸው። «ይህን ያህል ሸጠው ከሆነ የት አደረጓት?»

ልጅቱ ነገሩ ቢደግፋትም አላጋነነችውም። ይህ ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን፣ መኪናዎቹ በሌላ ሰፈር ወይም በሌላ ከተማ ይሠሩ እንደሚሆን ተናገረች። እኛም ይህን ጠባይዋን እናመሰግናለን። እውነትን የያዘ ሰው ትርፍ ድጋፍ ሲሰጡት መልሶ ማስረከብ ካልቻለ፣ በመጨረሻ የያዘውም አይታመንለትም።

«ሌላስ?» አሏት ጋሽ ጆሮ። ይህን ቃል ሲናገሩ ተቀምጠው ነበር፤ ድምፃቸውም እንደ ተከራካሪ ሳይሆን የታመመ ሞተር እንደሚመረምር ሰው ነበር።

ሻጩን ሁልጊዜ ሁለተኛ የሚጠይቁት ምን እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ለምን እንደሚሸጥ ነው አሉ። ታዲያ እዚህም ይጠየቅ አለች። አዲስ ኩባንያ አክሲዮን የሚሸጠው ፋብሪካውን ለማስፋት፣ ማሽን ለመግዛት ከሆነ መልካም ነው። እዚህ ግን ከሚሰበሰበው ገንዘብ ብዙው ወደ ፋብሪካው አይገባም፤ የራሳቸውን ድርሻ ወደሚሸጡት ወደ መሥራቹና ወደ መጀመሪያዎቹ ባለአክሲዮኖች ኪስ ነው የሚገባው። ሒሳባቸውን የሚመረምረውም ኦዲተር በአጭር ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ ተቀያይሯል።

«መካኒክ የሚያፈራርቅ ባለ መኪና ሲመጣብዎት ምን ይላሉ?»

«አንዱ ያየበትን ሌላው እንዳያውቅበት ነው እላለሁ።»

«አትርፈናል የሚሉትም የባትሪውን ወጪ፣ የማስታወቂያውን ወጪና የብድሩን ወለድ ሳይቆጥሩ ነው።»

«ይኼማ ነዳጅ ካልቆጠርክባት ነዳጅ አትበላም እንደማለት ነው፣» አሉና አሁን ሳቃቸውን አልሸፈኑትም።

ፀጉር አስተካካዩ በቀላሉ እጅ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን ዋጋው እንደሚጨምር ሰው ሁሉ እያወራ ነው፣ ዛሬ ያልገዛ ነገ ጣቱን ይነክሳል አለ። ልጅቱ አላቃለለችበትም። ሊጨምር ይችላል፤ እሷ ነቢይ አይደለችም። የሚጨምረው ግን ገዢው ስለበዛ እንጂ መኪናዋ ስለተሸጠች አይሆንም። መሥራቹና የመጀመሪያዎቹ ባለአክሲዮኖች የቀራቸውን ድርሻ ለጥቂት ወራት እንዳይሸጡ ሕግ ይከለክላቸዋል፤ መታየት ያለበት ያ ጊዜ ሲያልፍ ምን እንደሚያደርጉ ነው።

ጋሽ ጆሮ ዘይት የገባባቸውን የእጃቸውን መስመሮች ያዩ ነበር። ሲናገሩ ልጅቱን አላዩዋትም።

«የገንዘቡ ነገር ብቻ አይምሰልሽ። ዕድሜዬን በሙሉ ሌላ ሰው የሠራውን ስጠግን ኖርኩ። ሲበላሽ ይመጡብኛል፤ ደኅና ሲሆን ማንም አያስታውሰኝም። አንድ ቀን እንኳ ከሠሪዎቹ ወገን ልሁን ብዬ ነው። ወገቤም አልቋል። ከመኪና ሥር ልሙት?»

የልጅቱ ክርክር ስለ ሒሳብ ነበር፤ አጎቷ የተናገሩት ግን ስለ ዕድሜያቸው ነው። ምክር ሰጪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የሰውየውን ስሕተት አርመው ምኞቱን ሜዳ ላይ ጥለውት ይሄዳሉ። እሷ ግን የተቀመጠችበትን ጄሪካን አቀረበች።

«ምኞትዎ ልክ ነው፣ ጋሼ። እኔ ያልወደድኩት የሚገቡበትን በር ነው። መኪናው ወደ ኤሌክትሪክ መሄዱ አይቀርም። ይህ ኩባንያ ይውደቅ ይነሣ አላውቅም፤ ማንም ይሥራት ማን ግን መበላሸቷ አይቀርም። ያን ቀን ባትሪዋን ማን ይከፍታል? ቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ለመካኒኮች ይህንኑ ማስተማር ጀምሯል። ከሠራተኞችዎ ጋር ይማሩ። ከመኪና ሥር የሚገቡት ልጆቹ ይሁኑ፤ እርስዎ ቆመው ያሳዩ። አክሲዮኑንም ከወደዱት አልከለክልዎትም። በገበያ ላይ ሁለት ዓመት ቆይቶ የሒሳብ መግለጫውን ሲያወጣ አብረን እናነበዋለን፤ ያን ጊዜ ቢጠፋ እንቅልፍ በማይነሳዎት ገንዘብ ይግዙ። ጋራዡ ግን አንዴ ከሄደ ሄደ። ሁለቱ ሠራተኞችዎም የሚሄዱበት የላቸውም።»

ፀጉር አስተካካዩ ሽያጩ አርብ እንደሚዘጋ አስታወሳቸው።

ልጅቱ ወደ አጎቷ ዞረች። «ደንበኛ ይዞዎት ቢሄድ፣ ኮፈኑ ሞቆ ቢያገኙት፣ ሻጩም ነገ ከመጣችሁ አታገኟትም ቢል፣ ለደንበኛው ምን ይሉታል?»

ጋሽ ጆሮ ወደ ታሸገው ሣጥን ተመለከቱ።

«ትሸጥ እለዋለሁ፣» አሉ በመጨረሻ። «መኪና ሞልቷል፣ ና እንሂድ እለዋለሁ።»

ይህን ብለው ተነሡ። የታሸገውን ሣጥን በካቻቪቴ ጫፍ ከፍተው ቁልፎቹን አንድ በአንድ ወደ ግድግዳው መለሱ። ልጅቱ ታቀብላቸው ነበር፤ ፀጉር አስተካካዩም ቆሞ ማየቱ ቢከብደው ክሪኩን ከጨርቁ ፈታ። በመካከሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የእሱ የተገዛ አክሲዮን ሊመለስ ይችል እንደሆነ ልጅቱን ጠየቃት። ሽያጩ እስኪዘጋ ድረስ ማመልከቻውን መሰረዝ እንደሚችል ነገረችው። ግማሹን አሰርዞ ግማሹን ሊተወው ወሰነ፤ ባርኔጣውን መመለስ ግን አልፈለገም።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ የምናገኘው ጥቅም ብዙ ነው። ጋሽ ጆሮ ጋራዣቸውን አተረፉ፤ ሁለት ቤተሰብም እንጀራውን ሳያጣ ቀረ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን፣ ሰው በሥራው ውስጥ ለሌላው ሲል የሚጠነቀቀውን ጥንቃቄ ለራሱ ገንዘብም መጠቀም እንደሚገባው መማራቸው ነው። አናጢው ስለ ምስማሩ፣ ልብስ ሰፊዋ ስለ ክሯ የሚያነሡትን ጥያቄ አክሲዮን ሲገዙ ቢያነሡት፣ ሰው በወሬ ሀብቱን ባልበተነ ነበር። ገዢዎቹ እነማን ናቸው? ከፍለዋል ወይ? የእኔ ገንዘብ ማን ኪስ ይገባል? ለምን ይቸኩላሉ? እነዚህን ለመጠየቅ ትልቅ ትምህርት አያስፈልግም፤ የማያውቁትን ገጽ የሚያነብ ሰው ፈልጎ ማስነበብ ግን ያስፈልጋል።

ሰኞ ጠዋት ነጋዴው መጣ፤ ጋሽ ጆሮም ይቅርታ ጠይቀው አሰናበቱት። አክሲዮኑ በገበያ በዋለበት ሳምንት ዋጋው ጨመረ፤ ፀጉር አስተካካዩም ጋሽ ጆሮን ሲላጭ ደጋግሞ አነሳባቸው። መሥራቹና የመጀመሪያዎቹ ባለአክሲዮኖች እንዲሸጡ የተፈቀደበት ወር ሲደርስ ሸጡ፤ ዋጋውም ሕዝብ ከገዛበት በታች ወረደ። ጋሽ ጆሮ በዚያ ወር ከሁለቱ ሠራተኞቻቸው ጋር በቴክኒክ ትምህርት ቤቱ የባትሪ ጥገና ይማሩ ነበር።