ሽቅብ የወጣ ዝምታ

(ኮምቦልቻ ውስጥ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት፤ የተማሪዎችን ለውጥ ስለ መከታተል ለትምህርት ቤት የሥነ ልቦና አማካሪዎች የሚሰጠው የኦንላይን ሥልጠና ለዕረፍት ተቋርጧል፤ አማካሪዋ ፍሬገነት ላፕቶፗ ፊት ፊቷን አጨፍግጋ ተቀምጣለች፤ ርእሰ መምህሩ አቶ ዳምጠው ከበሩ እስከ መስኮቱ ይንጎራደዳሉ።)

ፍሬገነት፦ አላቀርብም አልኩ እኮ! ስንት ጊዜ ልበል?

አቶ ዳምጠው፦ ቀስ በይ እንጂ፣ መምህራኑ ይሰሙሻል። ዛሬ ደግሞ ምን አስነክተውሽ ነው? ሠልጣኞቹ ከዕረፍት ሲመለሱ የእኛ ተራ ነው። የትርሲትን ስም ሳትጠሪ መምህራኑ በሰጧት ነጥብ የተሠራውን ግራፍ ታሳያለሽ፣ «እንዲህ ነበረች፣ እንዲህ ሆነች» ትያለሽ፣ ያጨበጭቡልሻል፣ አለቀ።

ፍሬገነት፦ ግራፉን ሳየው ያቅለሸልሸኛል።

አቶ ዳምጠው፦ ደሞ መስመር ያቅለሸልሻል? ያውም ሽቅብ የወጣ መስመር! የሌላው ትምህርት ቤት ግራፍ እኮ እንደ ቦርከና ወንዝ ሲጠማዘዝ ነው የዋለው።

ፍሬገነት፦ ሽቅብ የወጣው ምን እንደሆነ ያውቃሉ? ዝምታዋ ነው። ትርሲት ዝም ባለች ቁጥር መስመሩ ይወጣል።

አቶ ዳምጠው፦ ይውጣላ! እናቷ ከሞተች ወዲህ በትምህርት መሀል ተነስታ ስትጮህ፣ ደብተር ስትወረውር፣ የሒሳብ መምህሩን «አንተ» ብላ ስትሳደብ ረሳሽው? ሰባተኛ ክፍል እኮ ገበያ ሆኖ ነበር። ዛሬ ጨዋ ናት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላል ያገሬ ሰው።

ፍሬገነት፦ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራልም ይላል ያገርዎ ሰው።

አቶ ዳምጠው፦ ደጃዝማች አድርጊያት አላልኩሽም! «ድናለች» በይና መዝገቧን ዝጊ ነው ያልኩሽ።

ፍሬገነት፦ ጉዱ እኮ እሱ ነው! የሥልጠናው መከታተያ ቅጽ «ከወትሮው የተለየ ዝምታ» ብሎ ያስቀመጠው አደጋ መኖሩን ለመጠቆም ነው። የኛ መምህራን ዝምታ የሚል ቃል ሲያዩ ጨዋነት መሰላቸውና ሙሉ ነጥብ ሰጧት። ምሳዋን ለጓደኞቿ ስታድል ደግሞ «ደግ ሆነች» ብለው ሌላ ነጥብ። እህል እየቀመሰች እኮ አይደለም፣ ጋሼ! ነጥብ እየጨመርንላት ልጅቷ ትመነምናለች።

አቶ ዳምጠው፦ ቁመት እየጨመረች ስለሆነ ነው የከሳች የምትመስለው። በዚህ ዕድሜ ያለ ነው።

ፍሬገነት፦ ኤጭ! ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እንዲህ ያለ ነገር መስማት አልፈልግም።

አቶ ዳምጠው፦ አንቺ ደግሞ ለምን ቶሎ ትቆጫለሽ? ሞዴል ትምህርት ቤት ልንባል ጫፍ ደርሰን! አሠልጣኟ ትናንት «የእናንተ ለውጥ ግሩም ነው» ስትል ሰምተሻል። ሰው የጎረሰውን ይተፋል?

ፍሬገነት፦ መራራ ከሆነ ይተፋል። እሷ ያየችው ግራፉን ነው፣ ልጅቷን የማያት እኔ ነኝ። ቢሮዬ ትመጣለች፣ ትቀመጣለች፣ እጇን አፏ ላይ ትከድናለች። «እናትሽ ምን ትወድ ነበር?» ስላት ጭራሽ በሁለት እጇ ትይዘዋለች፣ የሆነ ነገር ሊያመልጣት ይመስል። መጀመሪያ ላይ እኮ ታወራኝ ነበር! እያለቀሰችም፣ እየተሳደበችም፣ ግን ታወራ ነበር። ድንገት ምን እንደነካት ግራ ገብቶኛል።

አቶ ዳምጠው፦ እንግዲህ ካነሳሽው እውነቱን ልንገርሽ? ቅር እንዳይልሽ ግን።

ፍሬገነት፦ ይንገሩኝ።

አቶ ዳምጠው፦ ያንቺ ጨዋታ አይደለም ልጅቷን ያዳናት፣ እኔ ነኝ። ቢሮዬ አስጠርቼ መከርኳት፣ በማግስቱ ጸጥ! አንቺ ስትባዝኚ የከረምሽበትን በአንዲት ምክር ጨረስኩት። ምስጋናው ላንቺ ይሁን ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።

ፍሬገነት፦ ምን ብለው ነው የመከሯት?

አቶ ዳምጠው፦ ያው አባት የሚለውን ነዋ። ለቅሶ ቤት የሚባለውን።

ፍሬገነት፦ ቃሉን ይንገሩኝ፣ ጋሼ ዳምጠው።

አቶ ዳምጠው፦ «ልጄ፣ ለቅሶ ሲበዛ የሟች ነፍስ ትጨነቃለች። አንቺ በጮኽሽ ቁጥር እናትሽ እዚያ ዕረፍት ታጣለች። የምትወጃት ከሆነ ድምፅሽ እንዳይሰማ» አልኳት። እሺ ብላ ጉልበቴን ስማ ወጣች። እኔስ አባቴ የሞተ ጊዜ ይህንኑ ተብዬ አይደል የጠናሁት?

ፍሬገነት፦ ያምላክ ያለህ!

አቶ ዳምጠው፦ ምን አጠፋሁ? አገር የሚለውን ነው ያልኩት።

ፍሬገነት፦ አገር የሚለው ለትልቅ ሰው ነው! ትልቅ ሰው «ሊያጽናኑኝ ብለው ነው» ብሎ ይሰማና ቤቱ ሲገባ እንደገና ያለቅሳል። ልጅ የተነገራትን ታምናለች! እናቷን በመቃብር የምታስጨንቃት እሷ እንደሆነች አምና እኮ ነው አፏን የያዘችው። እኔ ደግሞ ፊቷ ተቀምጬ «እስቲ ስለ እናትሽ አውሪኝ» እያልኩ አሰቃያታለሁ! ቱ! እንዲህ ያለ ቆሻሻ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

አቶ ዳምጠው፦ ቆሻሻ? አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ሰብስቢ!

ፍሬገነት፦ እኔንም ዝም ያሰኙኝ እንጂ! የእኔም መስመር ሽቅብ ይውጣ።

አቶ ዳምጠው፦ … በክፋት አይደለም እኮ ያልኳት። አሳዝናኝ ነው።

ፍሬገነት፦ በክፋት ቢሆን ይሻል ነበር። ክፉ ሰው ቢላት አታምነውም ነበር። ጉልበትዎን ስማ የወጣችው እኮ አምናዎት ነው፤ የጎዳትም እሱ ነው።

አቶ ዳምጠው፦ እሺ፣ የሆነው ሆኗል። ይህን ከአንቺና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ዛሬን አቅርቢልኝ፣ ከነገ ጀምሮ እንደፈለግሽ አድርገሽ እርጃት። ይኸው ተመለሱ፣ አሠልጣኟ የትምህርት ቤታችንን ስም እየጠራች ነው፣ ቶሎ በይ!

ፍሬገነት፦ ዛሬ ድናለች ካልኩ ነገ ማንን ነው የምረዳው? መዝገቧ ይዘጋል፣ ሰዓቷ ለሌላ ተማሪ ይሰጣል፣ እሷም አፏን እንደያዘች ትቀራለች። … ይሁን፣ ግራፉ ይቅረብ።

አቶ ዳምጠው፦ ጎሽ የኔ ልጅ! ድሮም ልበ ቀና ነሽ እኮ።

ፍሬገነት፦ የሚያቀርቡት ግን እርስዎ ነዎት። ይቀመጡ፣ ወንበሩን ለቅቄልዎታለሁ። ግራፉን እንዳዩ «ምን አድርጋችሁላት ነው የተለወጠችው?» ብለው ይጠይቃሉ። ያሏትን ቃል በቃል ይንገሯቸው። ካልሆነ ደግሞ ይነሱ፣ እኔ «ይህች ልጅ አልዳነችም፣ ብሶባታል» ልበል።

አቶ ዳምጠው፦ እኔ? ይህ ሁሉ ባለሙያ እያየኝ? እንዲህ ያለው ነገር በሰው ፊት እንዴት ከአፌ ይወጣል?

ፍሬገነት፦ እናቷን ለቀበረች ልጅ ሲሆን ወጥቶልዎት የለም እንዴ?